የብሎን ራስ ለምን ይለያያል? ከመፍታታችሁ በፊት ራሱን የማንበብ ዘዴ

ከዓመታት በፊት የአንድ ጃፓን ሠራሽ ሞተር ሳይክል ካርቡሬተር ልከፍት ተቀመጥኩ። የያዙት አራት ትናንሽ መስቀለኛ ብሎኖች ናቸው። ካቻቢቴዬ አዲስ ነበር፣ ጫፉ አልተበላም። የመጀመሪያውን ብሎን ጫን አድርጌ ሳዞረው ካቻቢቴው ሾረና ወጣ። ደገምኩት። በሦስተኛው ሙከራ የመስቀሉ ጉድጓድ ተበልቶ ክብ ሆነ። ያን ዕለት ብሎኑ ዝጎ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ብሎኑ አልዛገም ነበር። ብሎኑ የጃፓን መስቀል ነበር፣ እኔ የያዝኩት ደግሞ ፊሊፕስ የሚባለው የተለመደው መስቀል ካቻቢቴ። ለዓይን መንታ ይመስላሉ፣ ግን አንድ አይደሉም። ብሎኑ ራስ ላይ ይህንን የምትናገር አንዲት ትንሽ ነጥብ ነበረች። አላየኋትም። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለዚያች ነጥብ ብዬ ነው።

የብሎን ራስ ሁለት ነገር ይናገራል። ከላይ ስታዩት ጉልበታችሁ በየት በኩል እንደሚገባ ይነግራችኋል። ከጎን ስታዩት ደግሞ ምን ላይ ሊቀመጥ እንደተሠራ ይነግራችኋል። ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። አንድ ዓይነት ጉድጓድ በሁሉም ዓይነት ራስ ላይ ሊኖር ይችላል። ብዙ ሰው የሚያየው የላዩን ብቻ ነው፤ እንጨት የሚሰነጠቀውና ፕላስቲክ የሚፈነዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ የጎኑን ባለማየት ነው።

እዚህ ብሎን ስል ሁለቱንም ማለቴ ነው፤ ዳዶ የሚገባለትንም፣ ጫፉ ሹል ሆኖ እንጨት የሚነክሰውን ቪቴንም።

ደረጃ 1፦ አጽዱ፣ ከዚያ እዩ

ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ራሱን አጽዱ። ቀለም፣ አቧራ ወይም የደረቀ ግራሶ ጉድጓዱን ከሞላው የካቻቢቴው ጫፍ እስከ ታች አይወርድም። ላይ ላዩን ብቻ ይይዛል። ጉልበት ስትጨምሩበት የጉድጓዱን ጠርዝ ይበላዋል። በመርፌ ወይም በቀጭን ሚስማር ጎርጉሩት፣ ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያ በደንብ ብርሃን አብርታችሁ ከላይ ተመልከቱት። ብሎኑ ትንሽ ከሆነ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ አጉሉት። ቀጥሎ የምነግራችሁ ምልክቶች ብዙዎቹ በባዶ ዓይን ያመልጣሉ።

ደረጃ 2፦ ጉድጓዱን ለዩ

አንድ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ብቻ ካለው በጠፍጣፋ ካቻቢቴ የሚፈታው ነው። የሁሉም አባት እሱ ነው። ለመሥራት ይቀላል፤ ራሱ ላይ በመጋዝ አንድ መስመር መሰንጠቅ ይበቃል። ችግሩ ስንጥቁ መሀል የለውም። ካቻቢቴው ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ዕቃውን ይቧጭራል፣ እጅ ይወጋል። በድሪል ማሰርማ ጨርሶ አይታሰብም። ቢሆንም አልጠፋም። ጥሩ ምክንያትም አለው፦ ቀለም ወይም ቆሻሻ ቢሞላው ጠርጋችሁ ማውጣት ትችላላችሁ፣ ሲቸግር በሳንቲም ይዞራል። ብዙ ጉልበት የማይጠይቅ፣ በእጅ ትንሽ ትንሽ እየተዞረ የሚስተካከል ነገር ላይ ዛሬም ቦታው ነው።

ከሌሎቹ ቅርጾች ብዙዎቹ የመጡት የዚህን ስንጥቅ ድክመት ለመሸፈን ነው ብል አላጋነንኩም። ካናዳዊው ፒተር ሮበርትሰን ለሰዎች የእጅ መሣሪያ ሲያሳይ ጠፍጣፋው ካቻቢቴ አምልጦ እጁን ቆረጠው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1908 አራት ማዕዘን ጉድጓድ ያለው ብሎን ይዞ መጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አገኘ። የጉድጓዱ ግድግዳ ወደ ታች በጥቂቱ ይጠባል። ስለዚህ ብሎኑ ካቻቢቴው ጫፍ ላይ ይሰካና ሳይወድቅ ይቆያል። አንድ እጃችሁ ዕቃ ይዞ፣ በሌላው ብቻ ብሎን ማሰር ትችላላችሁ። እኔ ለእንጨት ሥራ ከሞከርኳቸው ሁሉ እጅ የማይፈጀው ይህ ነው። የካቻቢቴው እጀታ ቀለም መጠኑን ይናገራል፦ ከትንሹ ጀምሮ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ጥቁር። ከሰሜን አሜሪካ ውጭ ግን ብዙ አይገኝም።

አሁን ወደ መስቀሉ እንምጣ። ብዙ ብሎን የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

መስቀለኛ ማለት አንድ ዓይነት አይደለም። ቢያንስ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ፊሊፕስ ነው። አሜሪካዊው ሄንሪ ፊሊፕስ ሐሳቡን ከጆን ቶምፕሰን ገዝቶ አሻሻለውና እ.ኤ.አ. በ1936 ፓተንት አገኘበት። ጄኔራል ሞተርስ በዚያው ዓመት ምርት በካዲላክ መኪና ላይ ተጠቀመበት። ፋብሪካዎች የወደዱት ጫፉ ሹል ስለሆነ ራሱ መሀሉን ፈልጎ ስለሚገባ ነው። ሠራተኛው ማነጣጠር አያስፈልገውም፣ መሣሪያውም በሞተር ሊዞር ይችላል። ጉድጓዱን ለመሥራትም ይቀላል፤ ሹል ቅርጽ ያለው ብረት ብሎኑን አንዴ መትቶ ሳይጣበቅ ይወጣል።

ጉዱ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ለመሥራት ያቀለለው ያው ተዳፋት ግድግዳ ለመፍታት ያስቸግራል። ጫፉ በተዳፋቱ ላይ ሲገፋ ጉልበታችሁ ከፊሉ ብሎኑን ያዞራል፣ ከፊሉ ካቻቢቴውን ወደ ላይ ያነሳዋል። በእጃችሁ ካልጫናችሁት ይወጣል። ብዙዎች ይህ ብሎን ከመጠን በላይ እንዳይጠብቅ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ይላሉ። የመጀመሪያዎቹ ፓተንቶች ላይ ግን እንዲህ የሚል የለም፤ ሐሳቡ በጽሑፍ የታየው በኋላ በወጣ የተሻሻለ ፓተንት ላይ ነው። ታሪኩ ምንም ይሁን፣ ለእናንተ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ፊሊፕስን ስትፈቱ መጫን ከማዞር እኩል ሥራ ነው።

ሁለተኛው ፖዚድራይቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የመጣ የፊሊፕስ ልጅ ነው። የጫፉ ክንፎች ጎናቸው ቀጥ ያለ ስለሆነ ወደ ላይ አይገፋም ማለት ይቻላል። ምልክቱን ልብ በሉ፦ ከዋናው መስቀል ሌላ፣ በክንዶቹ መካከል አራት ቀጫጭን መስመሮች አሉ። ከላይ ስታዩት ስምንት ጨረር ያለው ይመስላል። ካቻቢቴው ላይም እነዚያው መስመሮች ይታያሉ፣ ብዙ ጊዜም «ፒዜድ» የሚል ጽሑፍ አለው፤ ፊሊፕስ ደግሞ «ፒኤች»። ተበታትነው የሚመጡ የቤት ዕቃዎች ብሎን ብዙውን ጊዜ ፖዚድራይቭ ነው። የፊሊፕስ ካቻቢቴ ውስጡ ይገባል፤ የሚያሳስተንም እሱ ነው። ይገባል እንጂ አይሞላውም። ሁለት ሦስት ጊዜ ይሠራል፣ ከዚያ ይበላዋል።

ሦስተኛው የጃፓን መስቀል ነው። እኔን ያሳሳተኝ እሱ ነው። ጉድጓዱ ከፊሊፕስ ትንሽ ያጥራል፣ የመስቀሉ ማዕዘኖችም ሹል ናቸው። የፊሊፕስ ጫፍ ወርዶ ሳይጨርስ ከታች ይነካል። ስለዚህ ጠርዙን ብቻ ይዞ ይሾራል። ብዙ ጊዜ በመስቀሉ አንዱ ሩብ ላይ አንዲት የተወጋች ነጥብ ታያላችሁ፤ መለያዋ እሷ ናት። የጃፓን ሞተር ሳይክል፣ ካሜራ፣ አሮጌ የሙዚቃ መሣሪያ የምትፈቱ ከሆነ የጃፓን ደረጃ ካቻቢቴ አንድ ጊዜ ግዙ። በፊሊፕስ ብሎን ላይም ደህና ይሠራል፤ የተገላቢጦሹ ግን አይሆንም።

ባለ ስድስት ጎን ጉድጓድ ካያችሁ በአለን ቁልፍ የሚፈታው ነው። ዊልያም አለን እ.ኤ.አ. በ1910 ፓተንት ሲያወጣ ዓላማው ደኅንነት ነበር። በዚያን ዘመን የፋብሪካ ዘንጎች ላይ መዘውር የሚያጣብቁት ብሎኖች ራሳቸው ወደ ውጭ ይወጣ ስለነበር የሠራተኛ ልብስ እየያዙ ሰው ይጎዱ ነበር። ጉድጓዱ ወደ ውስጥ ሲገባ የሚወጣ ራስ አያስፈልግም። ይህ ቅርጽ በጠባብ ቦታ ይገባል፣ መጫንም አይጠይቅም።

ጠላቱ መጠን ነው። 3/16 ኢንች የሆነው ቁልፍ 4.76 ሚሊሜትር ነው። ባለ 5 ሚሊሜትር ጉድጓድ ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል። ሲጠብቅ ግን ስድስቱን ማዕዘን ክብ ያደርጋቸዋል። የሚሊሜትርና የኢንች ቁልፎቻችሁን በአንድ ከረጢት አታስቀምጡ። ጫፉ ኳስ የሚመስለው ቁልፍም ዘንበል ብሎ ለማዞር ብቻ ነው፤ የመጨረሻውን ጥበቃ በቀጥተኛው ጫፍ አድርጉ።

ባለ ስድስት ቅጠል ኮከብ ከሆነ ቶርክስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 የመጣ። የዚህን ሥራ ለመረዳት የአለኑን አስቡ። ባለ ስድስት ጎኑ ቁልፍ ሲዞር የሚገፋው በማዕዘኑ ሹል ላይ ነው፤ ጉልበቱ ወደ ውጭ ያፈነግጥና የጉድጓዱን ግድግዳ ሊከፍተው ይታገላል። ቶርክስ ላይ ክብ ቅጠሎቹ ጎን ለጎን ይገፋፋሉ። ስለዚህ ጉልበቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ መዞር ይሄዳል። ግድግዳው ቀጥ ያለ ስለሆነም ወደ ላይ አይገፋም። ረጅም ቪቴ ጠንካራ እንጨት ውስጥ በድሪል የምታስገቡ ከሆነ ያለ ማመንታት ይህንን ምረጡ። ቁጥሩ «ቲ» ከሚል ፊደል ጋር ይጻፋል። በተለምዶ 4 ሚሊሜትር ቪቴ ቲ 20፣ 5 ሚሊሜትር ቲ 25፣ 6 ሚሊሜትር ቲ 30 ይወስዳል። አንድ ጉድለት አለው፦ ቀለም ወይም ጭቃ ከሞላው ለማጽዳት ፈተና ነው።

የቀሩት፣ ማለትም መሀሉ ላይ ዘንግ የቆመበት ቶርክስ፣ ባለ ሦስት ክንፍ፣ ባለ አምስት ቅጠል፣ ወደ ማሰር ብቻ እንጂ ወደ መፍታት የማይዞረው፣ የተሠሩት ማንም እንዳይከፍታቸው ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2009 ባለ አምስት ቅጠሉን የላፕቶፕ ባትሪ ላይ አደረገው፣ ቀጥሎ ወደ አይፎን ወሰደው። ትክክለኛው ጫፍ ዛሬ በቀላሉ ይገኛል። በቢላዋ ጫፍ ከመታገል እሱን መፈለግ ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ካቻቢቴውን ሳታዞሩ ፈትኑት

ጫፉን ጉድጓዱ ውስጥ አስገቡና ግራ ቀኝ በጣታችሁ ወዝወዝ አድርጉት። የሚወላገድ ከሆነ ልኩ አይደለም። ለመስቀለኛ ከሦስቱ የተለመዱ መጠኖች (1፣ 2 እና 3) ሁልጊዜ ከትልቁ ጀምሩ። የማይገባው ሲወጣ ቀጣዩን ሞክሩ፤ የሚገባው ትልቁ ልካችሁ ነው። ከትንሹ ከጀመራችሁ ትንሹም ይገባል፣ ገባ ብላችሁ ትረካላችሁ፣ ጉድጓዱም ያልቃል።

ለጠፍጣፋ ሁለት ነገር ይታያል። ስፋቱ የስንጥቁን ርዝመት ይሙላ፣ ግን ከራሱ ወጥቶ ዕቃውን አይቧጭር። ውፍረቱ ስንጥቁን ይሙላ። ውፍረቱን የሚያይ ሰው ጥቂት ነው። ቀጭን ምላስ ሰፊ ስንጥቅ ውስጥ ሲዞር በሁለት ጫፉ ብቻ ይነክሳል፣ የስንጥቁን ከንፈር ያጎብጣል።

የተበላ ጫፍ ያለውን ካቻቢቴ ከመሣሪያ ሳጥናችሁ አውጡት። አንድ የተበላ ጫፍ ስንት ጤነኛ ብሎን እንደሚጨርስ አይቻለሁ።

ደረጃ 4፦ መጀመሪያ ጫኑ፣ ቀጥሎ አዙሩ

ካቻቢቴው ከብሎኑ ጋር በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ይሁን። ዘንበል ካለ ከመስቀሉ አራት ግድግዳዎች የሚነካው ሁለቱን ብቻ ነው። የእጃችሁን መዳፍ እጀታው ጫፍ ላይ አድርጋችሁ የሰውነታችሁን ክብደት ጣሉበት። ከዚያ አዙሩ።

እምቢ ካለ አትታገሉት። በጣም በጥቂቱ ወደ ማጥበቅ አዙሩት፣ ከዚያ ወደ መፍታት ተመለሱ። ይህች ትንሽ እንቅስቃሴ ዝገቱን ወይም ቀለሙን ትሰብረዋለች። ሁለት ጊዜ ሾሮ ከወጣ አቁሙ። ሦስተኛው ጉድጓዱን ይገድለዋል። ወደ መጨረሻው ደረጃ ሂዱ።

ደረጃ 5፦ አሁን ከጎን እዩት

ይህ ክፍል አዲስ ብሎን ለምትመርጡበት ቀን ነው።

ከሥሩ እንደ ቁና አፍ ወደ ታች የሚጠብ ራስ ዕቃው ውስጥ ሰምጦ ከላይ ለጥ ብሎ ይቀራል። የበር ማጠፊያ ላይ የምታዩት እሱ ነው። ራሱ ከወጣ በሩ አይዘጋም። ግን ምን እንደሆነ አትርሱ፦ ሽብልቅ ነው። በጠበቀ ቁጥር የተቀመጠበትን ነገር ወደ ጎን ይገፋል። እንጨት ጠርዝ አጠገብ ከሆነ ይሰነጥቃል። ፕላስቲክ ከሆነ ይፈነዳል። ስለዚህ ቀድሞ ቦታው ይሠራለታል፤ የቀዳዳው አፍ በሰፊ ፑንታ እንደ ራሱ ተዳፋት ይከፈታል። የማዕዘኑን ልክም እወቁ። በሚሊሜትር የሚለኩት 90 ዲግሪ ናቸው፣ በኢንች የሚለኩት የአሜሪካዎቹ ደግሞ 82። ብረት ላይ ካምታታችኋቸው ራሱ በቀጭን ጠርዝ ብቻ ይቀመጣል፣ ቶሎም ይላላል።

ከሥሩ ለጥ ያለ፣ ከላይ ጉብ ያለ ራስ ሽብልቅ አይሆንም። ቀጥታ ወደ ታች ብቻ ይጫናል። ላሜራ፣ ፕላስቲክ፣ ቀጭን ነገር ስታስሩ እሱን ያዙ። ቀዳዳው ረዘም ብሎ ወዲህ ወዲያ የሚስተካከል ዕቃም እሱን ይፈልጋል፤ ሰምጦ የሚቀረው ራስ ዕቃውን መሀል ላይ ካልሳበው አያርፍም። ራሱ ይበልጥ ሰፍቶ የተዘረጋው ዓይነት ለስላሳ ነገር ሲሆን ይረዳል። ያ ከሌለ ሮንዴላ አድርጉ።

ጥሩምባ አፍ የሚመስል፣ ከሥሩ በክብ የሚጠብ ራስ ያለው ጥቁር ቪቴ የጂፕሰም ቦርድ ነው። ኩርባው የቦርዱን ወረቀት ሳይቀድ ተጭኖ ይይዘዋል። ወረቀቱ ከተቀደደ ቪቴው የያዘው ዱቄት ብቻ ነው። ይህን ጥቁር ቪቴ ለመደርደሪያና ለወንበር ሲጠቀሙበት አያለሁ፤ እባካችሁ ተዉ። ጠንካራ ግን ተሰባሪ ነው፣ ወደ ጎን የሚገፋ ክብደት ሲመጣበት ሳይጎብጥ ቀጭ ይላል።

ከውጭ ስድስት ጎን ያለው ራስ በመፍቻ ይያዛል። ብዙ ጉልበት በሚጠይቅ፣ ጭቃና ዝገት ባለበት ቦታ ተመራጭ ነው፤ የሚሞላ ጉድጓድ ስለሌለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ራሱ በሳሳ ቁጥር ጉድጓዱም ያንሳል። ራሱ ወፍራም የሆነው ኤም 6 (አካሉ 6 ሚሊሜትር የሚወፍር) አለን ብሎን ባለ 5 ሚሊሜትር ቁልፍ ይወስዳል። ሰምጦ የሚቀረው ኤም 6 ግን ባለ 4 ነው። ብሎኑ አንድ ነው፣ ጥርሱ አንድ ነው፣ የሚሸከመው ጥበቃ ግን አንድ አይደለም። ሰምጦ የሚቀረውን እንደ ወፍራሙ አጠብቃለሁ ካላችሁ ጉድጓዱን ትጨርሱታላችሁ።

ስትገዙም ርዝመቱ የሚለካው እንደ ራሱ ነው። ሰምጦ የሚቀረው ከነራሱ ይለካል። ከሥሩ ለጥ ያለው ከራሱ በታች ያለው ብቻ ነው። ሁለቱም «30» ቢባሉ ወደ ዕቃው የሚገባው እኩል ነው ማለት ነው።

ደረጃ 6፦ ለሥራችሁ ምረጡ፣ ከዚያ እሰሩ

ከመግዛታችሁ በፊት ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህን ነገ ማን ይፈታዋል? በየወሩ የሚከፈት ክዳን ከሆነ በቀላሉ የማይበላ ጉድጓድ ይሁን፤ አለን ወይም ቶርክስ። ተዘግቶ ቀለም የሚቀባ ከሆነ ለማጽዳት የሚመች ይሁን። እንግዳ ሰው፣ መሣሪያ የሌለው ሰው ሊከፍተው የሚገባ ከሆነ መስቀለኛ ወይም ስንጥቅ ይሻላል። ጉልበቱና የሚቀመጥበት ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

እንጨት ከሆነ መጀመሪያ ቀዳዳ ብሱ። የፑንታውን ልክ ለማወቅ ቪቴውን ከኋላ፣ ፑንታውን ከፊት አድርጋችሁ በብርሃን ያዟቸው። የቪቴው አካል በፑንታው ተሸፍኖ ጥርሱ ብቻ ግራ ቀኝ ከታየ ልኩ ያ ነው። ሁለት ጣውላ ስታጋጥሙ የላይኛው ቀዳዳ ሰፋ ይበል፣ ቪቴው በነፃ ይሽከርከርበት። ጥርሱ ሁለቱንም ከነከሰ ክፍተት እንደያዙ ይቀራሉ፤ ራሱ የላይኛውን ወደ ታች መሳብ አይችልም። የራስ ሥራው መሳብ ነው፣ ያንን ሥራ አትከልክሉት።

የነሐስ ቪቴ ጠንካራ እንጨት ውስጥ ስታስገቡ መጀመሪያ በተመሳሳይ መጠን የብረት ቪቴ አስገብታችሁ አውጡ። ጥርሱ መንገዱን ይሠራል። ከዚያ ነሐሱ ሳይቀነጠስ ይገባል።

ፕላስቲክ ላይ የነበረ ብሎን ስትመልሱ ወዲያው አታጥብቁ። ቀስ ብላችሁ ወደ መፍታት አዙሩት። ጥቂት ሄዶ «ጠቅ» ሲል ጣታችሁ ላይ ይሰማችኋል፤ አሮጌው ጥርስ ላይ ወደቀ ማለት ነው። አሁን ወደ ማጥበቅ አዙሩ። ይህን ያላደረገ ሰው በየጊዜው አዲስ ጥርስ እየቆረጠ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ብሎኑ ባዶ ይሾርበታል።

ድሪል ከያዛችሁ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዙሮች በእጃችሁ ጨርሱ። እጅ ሲጠብቅ ያውቃል፣ ድሪል አያውቅም።

ደረጃ 7፦ ጉድጓዱ ከተበላ

ከቀላሉ ጀምራችሁ ወደ ከባዱ ሂዱ። ተራውን አትዝለሉ።

የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ቆዩ። አምስት ደቂቃ አይበቃም፣ ጊዜ ካላችሁ አሳድሩት። ከዚያ ራሱን በመዶሻ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀጥታ ምቱት፤ ዝገቱ ይሰነጠቃል። ሰፊ የላስቲክ ማሰሪያ ጉድጓዱ ላይ ዘርግታችሁ ካቻቢቴውን በእሱ ላይ ተጭናችሁ አዙሩ። ላስቲኩ የተበላውን ክፍተት ይሞላል። ይህ ላላ ላለ ትንሽ ብሎን ይሠራል፣ ዝጎ ለተጣበቀ ግን አትጠብቁበት።

በመዶሻ ሲመታ ራሱ የሚዞር ወፍራም የእጅ መሣሪያ አለ። ምቱ ጫፉን ወደ ታች እየጫነ በዚያው ቅጽበት ያዞረዋል። ለመስቀለኛ ብሎን ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላገኘሁም፤ ከላይ ያልኩት «መጫን ከማዞር እኩል ነው» የሚለው ነገር በአንድ መሣሪያ ተሠርቶ ማለት ነው። የካርቡሬተር ክዳንና ቀጭን ፕላስቲክ ላይ ግን አትሞክሩት፣ ዕቃው ይሰበራል።

ለአለን፣ ከተበላው ጉድጓድ ትንሽ የሚበልጥ የቶርክስ ጫፍ በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ስኩበት። ቅጠሎቹ አዲስ መያዣ ይቆርጣሉ። ብሎኑ ከወጣ በኋላ ጣሉት፣ መልሳችሁ አትጠቀሙበት።

ራሱ ከዕቃው በላይ የወጣ ከሆነ በብረት መጋዝ አዲስ ስንጥቅ ቁረጡበት፣ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ፍቱት። ወይም ጎኑን በፒንሳ ጥርቅም አድርጋችሁ ያዙት።

ይህ ሁሉ ካልሆነ ራሱን ብሱት። ዓይናችሁን በመነጽር ሸፍኑ። ከብሎኑ አካል ጋር እኩል የሆነ ፑንታ መሀሉ ላይ አቁሙ፤ እንዳይንሸራተት መጀመሪያ በሹል ብረት ምቱና ጠባሳ አድርጉለት። ቀስ ብላችሁ ስትበሱ ራሱ ተነጥሎ ከፑንታው ጋር ይወጣል። ወደ ግራ እየዞረ የሚበሳ ፑንታ ካላችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱን ሳትጨርሱት ብሎኑ ራሱ እየተፈታ ይመጣል። ራሱ ሲለይ ዕቃው ይላቀቃል፣ ውጥረቱም ይለቃል። የቀረውን ጉቶ ዘይት አጠጡትና በፒንሳ ይዛችሁ አዙሩት። ስትፈሩት የነበረው ብሎን ብዙ ጊዜ በጣት ይወጣል። በእሱ ምትክ የምታስገቡትን ስትመርጡ ወደ ደረጃ 5 እና 6 ተመለሱ። እኔ በካርቡሬተሩ ላይ በአራቱም ፈንታ አለን ብሎን አስገባሁ፣ ከሥራቸው ለጥ ያሉትን፣ በተመሳሳይ ጥርስና ርዝመት።